የሚስስ ሃን የሩዝ ውሃ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የሚበላውን ሳበስል ኖሬያለሁ። ከሠላሳው ስድስቱን ደግሞ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት አድርጎ እንደሚያበስል የሚናገሩ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ስለካ፣ ስመዝንና ስቀምስ ነው ያሳለፍኩት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በመጨረሻው ቀን የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የወጥ ቤት ማናጀር በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ሰጠኝ። ፈትቼ ሳየው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው።

"እንግዲህ ለራስሽ የምታበስይበት ጊዜ አገኘሽ" አለኝ።

ክፉ ልጅ አይደለም። ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ፣ እዚህ ከመምጣትሽ በፊት የት ነበርሽ ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ አይሰጠኝም ነበር።

መጽሐፉን ከኋላ ገለጥኩት። የምግብ መጽሐፍ የማነበው ከኋላ ነው፤ የምስጋናው ገጽ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ማን እንደለካ፣ ማን እንደቀመሰ፣ ማን ሦስቴ አበስሎ ሦስቴ እንደደፋ ስሙ ካለ ደስ ይለኛል። ከሌለ እዘጋዋለሁ። ይህኛውን ዘጋሁት።

ስለ ባሌና ስለ ቤቴ እዚህ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ ድስት አጣቢ ሆኜ ነበር። አራት ዓመት አጠብኩ። የወጥ ቤቱ አለቃ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ "ሄይ" ነበር የሚለኝ። የዕቃ ማጠቢያው ማሽን ሲበላሽበትም "ሄይ" ይለው ነበር። እኔም የእሱን ስም እዚህ አላነሳም። ከእሱ ወጥ ቤት ይዤ የወጣሁት አንድ እውቀት ቢኖር፣ ድስት አይቶ ያበሰለበትን ሰው ማወቅ ነው። የችኩል ሰው ድስት ከመሃሉ ያራል፣ የሰነፍ ሰው ድስት ከጎኑ።

ከዚያ ኦሮራ፣ ሃቫና መንገድ ላይ አንድ የኮሪያ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስተር ሃን ከፊት እንግዳ ይቀበላሉ፣ ሚስስ ሃን ከኋላ ያበስላሉ። ሚስስ ሃን በዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል። ቡሳን ከሚባል የባሕር ዳር ከተማ ነው የመጡት። የሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል የተሰባበረ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት ሰጥተውኝ ስከትፍ ቆመው አዩኝ።

"አሳማ ትበያለሽ?" አሉኝ።

"አልበላም። ሙስሊም ነኝ።"

"መንካትስ?"

"በጓንት እነካለሁ። ሥራ ነው።"

በማግሥቱ ስመጣ እጀታው አረንጓዴ የሆነ አዲስ ቢላና አዲስ መክተፊያ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁ።

"ይህ ያንቺ ነው፤ አሳማ አይነካውም" አሉኝ። "ሌላ ሰው ሲያነሳው ካየሽ ንገሪኝ፣ ጣቱን በእሱው እቆርጠዋለሁ።"

ሚስተር ሃን ከበሩ ብቅ ብለው "ዘይነባ፣ እኔ ያነሳሁት እንደሆነ ግን አትንገሪያት" አሉ። ሳቅን። ያንን ቢላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካብኝም። ይህን የምጽፈው ቀጥሎ የምለው ቅሬታ ብቻ እንዳይመስል ነው።

ሚስስ ሃን አስተምርሻለሁ ብለው አስተምረውኝ አያውቁም። ሲሠሩ ማየት ነበር። ጎመን በጨው ሲያሳድሩ ሰዓት አያዩም፤ የቅጠሉን ነጭ አገዳ ይዘው ያጎብጡታል። ከተሰበረ ገና ነው። ታጥፎ ካልተሰበረ ይበቃዋል። ሩዝ ሲያጥቡ የመጀመሪያውን እጣቢ ቶሎ ይደፉታል፣ ሁለተኛውን ለሾርባ ያስቀምጡታል። በሚያማስሉበት ማንኪያ አይቀምሱም። ድስት ክዳኑ ተገጥሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለመክፈት የሚቸኩል ሰው ካዩ "ተዪው፣ ይተንፍስ" ይላሉ። የአሳማ ወጥ ሲሆን እኔ ሽታውንና የሥጋውን ልስላሴ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ይቀምሱልኛል። አንድ ቀን፣ በአገራቸው የምግብ ጣዕም ከእጅ ነው እንደሚባል ነገሩኝ። በእኛም አገር "እጇ ይጣፍጣል" ይባላል አልኳቸው። እጃቸውን አገላብጠው አዩትና "እንግዲያው አንድ አገር ነን" አሉ።

ሚስተር ሃን በድንገት ሲሞቱ ምግብ ቤቱ ተዘጋ። ሚስስ ሃን ቤታቸው ገቡ፤ እኔ እንደገና ሥራ ፈላጊ ሆንኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ዳውንታውን፣ ከባቡሩ ማቆሚያ አጠገብ፣ ለቤት አብሳዮች የምግብ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ድስት አጣቢ ሆንኩ። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ምግቡ ሁሉ በድርጅቱ ወጥ ቤት ተሠርቶ ይሞከራል። አለቃዋ ሊንዳ ትባላለች። በአማርኛ ስጽፍ ሚስስ ሃንን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ሊንዳን ግን አንቺ ከማለት የሚያልፍ አክብሮት ከብዕሬ አይወጣም።

አንድ ቀን የምስር ሾርባ አልበስልላቸው ብሎ ሦስት ሰው ድስቱን ከቦ ቆሟል። አጠገባቸው ሆኜ ሳህን ሳደርቅ አላስችል አለኝና "ምስሩ አሮጌ ነው፤ እስከ ነገም አይበስል" አልኩ። ሊንዳ ዞራ አየችኝ። አዲስ ምስር ተገዛ፣ በሰለ። በሳምንቱ ሞካሪ ሆንኩ። ደመወዜ ጨመረ፤ ብዙ አይደለም።

የሞካሪ ሥራ እንዲህ ነው። አንድን ምግብ ሦስት ጊዜ ትሠሪያለሽ። መጀመሪያ ልክ እንደ ተጻፈው፣ አንዲት ፊደል ሳታዛንፊ። ሁለተኛ ከሥራ ደክማ እንደገባች ሴት ሆነሽ፣ በማይሆነው ድስት፣ በደነዘ ቢላ። ሦስተኛ ምግቡን ለማያውቅ ሰው ወረቀቱን ሰጥተሽ፣ እጅሽን አጣምረሽ እያየሽ። ሰውዬው የተሳሳተበት ቦታ የመጽሐፉ ስሕተት እንጂ የእሱ አይደለም። ለእያንዳንዱ ምግብ አንድ ወረቀት አለ፤ ግራም፣ ደቂቃ፣ የድስቱ ስፋት ይሞላበታል። ከታች "ለደራሲዋ የሚቀርብ ጥያቄ" የሚል ሳጥን አለው። የአንድ ሞካሪ ጉብዝና የሚታየው በዚያ ሳጥን ነው። አላዋቂ መስሎ መጠየቅ መቻል አለበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ በሌላ ስቴት ለሚኖሩ አምስት ቤቶች ይላካል፤ እነሱም በየቤታቸው ሠርተው ይመልሳሉ። ሊንዳ "እስኪበስል" የሚለውን ቃል ትጠላ ነበር። "ስንት ደቂቃ?" ትለኛለች። "ሴትየዋ ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት አላት፤ እስኪበስል አትበይኝ።"

በአራተኛው ዓመት ሊንዳ የኮሪያ የቤተሰብ ምግብ መጽሐፍ ማውጣት ፈለገች። የምታውቂው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሚስስ ሃንን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ሊንዳ በኋላ ረስታዋለች።

ሚስስ ሃን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት አይወጡም ነበር። ልጃቸው ግሬስ በመኪና አመጣቻቸው። ወጥ ቤቱን ገብተው አዩና መጀመሪያ የጠየቁት "አረንጓዴዋ ቢላ የት አለች?" ብለው ነው። ከቦርሳዬ አወጣኋት።

ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። የሥራ ዘመኔ መልካሙ ጊዜ እሱ ነበር። ሚስስ ሃን በሕይወታቸው ለክተው አያውቁም፤ የእኔ ሥራ እጃቸውን መለካት ነበር። ጨው ከዕቃው ሲዘግኑ "ይቆዩ" ብዬ እጃቸው ሥር ሳህን አደርጋለሁ፣ የያዙትን ያራግፋሉ፣ እመዝናለሁ። የአኩሪ አተር ማጣፈጫውን ከማፍሰሳቸው በፊት ጠርሙሱን እመዝናለሁ፣ ካፈሰሱ በኋላ እንደገና እመዝናለሁ።

"ፖሊስ ሆንሽብኝ" ይሉኛል።

"እጅዎን እያሰርኩ ነው" እላቸዋለሁ።

"እሰሪው፣ አርጅቷል። ሳይሄድ ያዢው።"

ነገሩ የተበላሸው ሩዙ ላይ ነው።

ሩዝ የመጽሐፉ የመጀመሪያው ምግብ ነበር። ከአሠራሩ በላይ ሚስስ ሃን ለግሬስ የነገሯት አጭር ታሪክ ገባ። እናታቸው በልጅነታቸው፣ እጅሽን ሩዙ ላይ ዘርጊ፣ ውሃው የእጅሽን ጀርባ ሲሸፍን ይበቃል ብለው እንዳስተማሯቸው ይናገራል። ሚስስ ሃን ይህን እየነገሩን እጃቸውን ድስቱ ውስጥ ዘርግተው ውሃ አፈሰሱ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ውሃው የእጃቸውን ጀርባ ሸፍኖ አለፈ፣ አንጓቸው ላይ ያለችውን ጉብ ያለች አጥንት ሲነካ ነው ያቆሙት። በአፋቸው የእጅ ጀርባ ይላሉ፣ እጃቸው ግን እስከ አንጓቸው ያፈሳል።

አየሁት። ውሃውን ለክቼ በኩባያ ጻፍኩ፣ ደቂቃውንም ጻፍኩ። ሳጥኑን ግን ባዶ ተውኩት። ስድሳ ዓመት ሩዝ ያበሰለችን ሴት ልጇ ፊት "የሚሉትና የሚሠሩት አይገጥምም" ማለት ነውር መሰለኝ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው አይታረምም፤ ሲሳሳት ዝም ተብሎ ይስተካከላል። በዚያ ላይ ሩዙ ልክ ነበር። ምን ያስጠይቀኛል?

የሩዙን ምዕራፍ የሞከርኩት ረመዳን ላይ ነው። ቀን አልቀምስም። ሚስስ ሃን ያበሰልኩትን በቢጫ ዕቃ አድርገው ይሰጡኛል፣ ቤቴ ወስጄ በእሱ አፈጥራለሁ፣ በማግሥቱ የቀመስኩትን ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ቀን በኮሪያ ሩዝና በጥቁር ባቄላ አፈጠርኩ። እንደዚያ ዓመት የሰው እጅ የበላሁበት ረመዳን የለም።

ማተሚያ ቤቱ የሰጠው ቀን ሲደርስ ሊንዳ ቸኮለች። "ወደ አምስቱ ቤቶች መላኩ ይቅር፤ ሚስስ ሃን ራሳቸው አሉልን" አለች። መጽሐፉ ወጣ። ውብ ነበር። የምስጋናውን ገጽ ገለጥኩ። የፎቶግራፍ አንሺው ስም አለ፣ የሳህን አከራዩ ስም አለ፣ የሊንዳ ውሻ ስም አለ። ውሻው ምን እንደቀመሰ አላውቅም። የእኔ የለም።

ሚስስ ሃንን "አይተውታል?" አልኳቸው።

"ሊንዳ ናት የጻፈችው" አሉኝ። ከዚያ "በሚቀጥለው" አሉ።

ዋጥኩት።

በሁለተኛው ወር ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ከባሕር ዳር ከተሞች ነበር የሚመጣው፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ያየ ሰው የለም። ሩዙ ገንፎ ሆነ፣ ባቄላው ፈረሰ ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ደብዳቤ አልነበረም። ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብላ ባሕር አጠገብ የምትኖር የሚስስ ሃን ታናሽ እህት በመጽሐፉ ሩዝ አብስላ ስልክ ደወለችና "ከመቼ ወዲህ ነው ቤታችን የበሽተኛ አጥሚት የሚበላው?" ብላ ሳቀችባቸው። ይህን የነገረችኝ ግሬስ ናት።

ሊንዳ ሁላችንንም ጠራችን። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እሷ፣ ሚስስ ሃን፣ ግሬስና እኔ ነበርን። የእኔን ወረቀቶች ከፊቷ ደርድራለች።

"የሩዙን ምዕራፍ መቼ ነው ቴስት ያደረግሽው?" አለችኝ።

"ረመዳን ላይ።"

"ትጾሚ ነበር?"

"እጾም ነበር።"

"ስለዚህ አልቀመስሽውም።"

"ቀምሼዋለሁ። ቤቴ ወስጄ፣ ጀንበር ስትጠልቅ በልቼዋለሁ። ወረቀቱ ላይ አለ።"

"ወረቀቱ ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ስትበዪ ማን አየ?"

ሚስስ ሃንን አየኋቸው። ቢጫውን ዕቃ ሃያ ዘጠኝ ቀን በገዛ እጃቸው ሞልተው ሰጥተውኛል፤ በማግሥቱ ባዶውን ሲቀበሉኝ "እንዴት ነበር?" ብለው ጠይቀውኛል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሚስስ ሃን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እሱን ያዩ ነበር። ግሬስ በኮሪያኛ አንድ ነገር አለቻቸው።

ከዚያ ቀና ብለው "ውሃውን ለውጠሻል?" አሉኝ።

"እጅዎ ያደረገውን ነው የጻፍኩት" አልኳቸው።

እንደገና ወደ እጃቸው ተመለሱ። ሊንዳ ወረቀቶቹን ሰብስባ አንድ ላይ አጋጠመቻቸው። "ጾመኛ ሞካሪ" የሚለው ነገር ድርጅቱን ሁሉ ለመዞር አንድ ቀን አልፈጀበትም። በሳምንቱ ለቀቅኩ። አባረሩኝ አልልም፤ መቆሚያ አሳጡኝ። አረንጓዴዋን ቢላ ማድረቂያው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሥራ አንድ ዓመት ለመጻፍ ብዙ ቀለም አይፈልግም። አረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ድንች ፈጨሁ፣ ጨው የሌለው ሾርባ ሠራሁ። ሁሉም ነገር እንዲፈርስ ተደርጎ ነው የሚበስለው። ገንፎ የሆነ ሩዝ እዚያ ጥፋት አይደለም።

እውነቱን ያወቅሁት ከለቀቅኩ በዓመቱ ነው።

ቨርጂኒያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ወለደችና ለአራስ ጥየቃ ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ በአጥንት መረቅ ሩዝ አበሰልኩላት፤ ሩዙን እንደ ሚስስ ሃን ነው የሠራሁት፣ እጄ ሌላ አያውቅም። ድስቱን ስከፍት ገንፎ ነው። አንድ አሥር ደቂቃ ክዳኑን ይዤ ቆምኩ። የባሏ እናት ሐጃ ሩቅያ ድሬዳዋ ተወልደው ጅቡቲ ሃያ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። መጥተው ድስቱን አዩ።

"ይህ ለአራሷ ነው ወይስ ለሕፃኑ?" አሉኝ።

"ምነው ሐጃ?"

"ጥርስ አይፈልግም ብዬ ነው።"

"እዚያ ቤቴ እንዲህ አይሆንም ነበር" አልኳቸው።

"ሩዝ የለመድሽው የት ነው?"

"አዲስ አበባ። ከዚያ ዴንቨር።"

"ዴንቨርም ደጋ ነው?"

"ደጋ ነው።"

"በቃ። ጅቡቲ የገባች የአዲስ አበባ ሙሽራ ሁሉ የመጀመሪያውን ሳምንት ባሏን ገንፎ ነው የምታበላው። ደጋ ላይ ውሃ ሳይግል ይፈላል፣ ስለዚህ ብዙ ውሃና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ቆላ ግን ሲፈላ የእውነት ግሎ ነው። ውሃውንም እሳቱንም ቀንሺለት።" ከዚያ ድስቱን ተቀበሉኝና "ስጪኝ ለኔ፤ ጥርሴን አሞኛል" አሉ።

ከደጋ ወደ ደጋ የሄድኩ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ቆላ አብስዬ አላውቅም። ኬክ ሲሆን ዴንቨር ያለ ሰው ሁሉ ከፍታውን ያስታውሳል፤ በመጻሕፍቱም እናስተካክለው ነበር። ሩዝና ባቄላ ላይ ግን ማንም አላሰበውም፤ የቀደሙትን መጻሕፍት ያዳኗቸው አምስቱ ቤቶች ነበሩ። ሊንዳ ይህን ታውቅ ነበር ብዬ አልምልም። አታውቅም ብዬም አልምልም።

ሌላው ነገር የገባኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው። የእጅ ጀርባ የሚለው የሚስስ ሃን እናት ትምህርት ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ሚስስ ሃን ኦሮራ ሲኖሩ ሩዙ በደረቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጨመሩ፣ ሳያውቁት ከእጅ ጀርባ እስከ አንጓ ደርሰዋል። እጃቸው ከእሳቸው ቀድሞ አገሩን ለምዶ ነበር። እጃቸው አልተሳሳተም። እኔም አልተሳሳትኩም። ያን ባዶ ሳጥን ሞልቼው ቢሆን ኖሮ ሦስታችንም፣ ውሻውም ጭምር፣ በሰላም እንኖር ነበር።

ዴንቨር ስገባ ቁጥራቸው ስልኬ ውስጥ ነበር። አልደወልኩም። በዚያች ጠረጴዛ ላይ አንድ ቃል ነፍገውኛል፤ እኔም አንድ ቃል ነፈግኳቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኦሮራ የኮሪያ ሱቅ ውስጥ ዓሣ ልገዛ ገብቼ አየኋቸው። ቀጥነዋል። ጋሪያቸው ውስጥ ሁለት ጎመንና የተደረደረ ነጭ ሳህን አለ፤ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ፣ በፋብሪካ የበሰለ ሩዝ። ምግብ ቤቱ ሳለን አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ሩዝ እንደሚበላ ሲነግራቸው "ሰው የሌለው ሰው ሩዝ" ብለውት ነበር። አምስት እርምጃ ቀርቼ ቆምኩ። "እጅዎ ልክ ነው፤ ደጋው ነው" ብል ያልቅ ነበር። ቀና ሲሉ አዩኝ። ሰላም አላሉኝም። አንዱን ጎመን አነሱና ሩዙ ላይ አጋደሙት፣ እንዳላየው።

ላለማሳፈር ፊቴን ያዞርኩ መሰልኩ። የእውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓሣውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ወደ እህታቸው ሄዱ ሲባል ሰማሁ።

ባለፈው ወር ግሬስ ደወለችልኝ። ቁጥሬን እናቷ ደብተር ላይ ነው ያገኘችው። ኦሮራ፣ ፒዮሪያ መንገድ ላይ ያለው አፓርታማዬ መጣች። ልጅ የነበረችው ግሬስ ጸጉሯ ነጣ ነጣ ብሏል።

"አንቲ፣ እናቴ ክረምት ላይ ዐረፈች" አለችኝ። ገና አልተቀመጠችም ነበር።

ሻይ አቀረብኩላት። ከቦርሳዋ መጽሐፉን አወጣች፣ ጠርዙ የተበላ። ራሷ እንደገና ልታሳትመው ነው፤ ለልጆቿና ለፈለገ ሰው።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሩዙ ላይ እናቴ በእርሳስ ጽፋለች።" ጣቷን አስኬደችበት። "ኦሮራ፦ እንዳለው። እዚህ፦ እስከ እጅ ጀርባ፣ እሳቱም ቶሎ ይጥፋ። የትኛውን ነው ማተም ያለብኝ?"

"ሁለቱንም" አልኳት። "አንዱ ለደጋ ነው፣ አንዱ ለቆላ። መቼ ነው የጻፉት?"

"አክስቴ ጋ በሄደች በመጀመሪያው ሳምንት። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሩዝ ማብሰል እርግፍ አድርጋ ትታው ነበር፤ 'እጄ ጠፋ' ነበር የምትለው። እዚያ አክስቴ አስገድዳት ስታበስል ገንፎ ሆነባት፤ በማግሥቱ ውሃ ቀነሰች፣ ልክ መጣ። የዚያን ቀን ደወለችልኝ። ስትስቅ የሰማኋት አባቴ ከሞተ ወዲህ ያኔ ነው። 'እጄ አልጠፋም፣ ተራራው ነው' አለችኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ለአንቲ ዘይነባ ደውዪላት አልኳት። 'ያን ቀን ዝም ብያለሁ፤ በምን አፌ?' አለች።" ግሬስ ሻዩን አማሰለችው። "'ዘይነባ ብታውቅ ኖሮ ትነግረኝ ነበር። እኔ እንደበደልኳት እሷ አትበድለኝም' አለችኝ።"

መስኮቱን ልከፍት ተነሳሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

"አዲሱ ላይ ስምዎን ላስገባው ነው" አለችኝ ከኋላዬ። "ከፊት፣ ከእናቴ ስም ሥር። ያኔም መግባት ነበረበት። እንዴት ብዬ ልጻፈው?"

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። መልሱን ብዙ ጊዜ ለብቻዬ ተለማምጄዋለሁ፤ ከነአባቴ ስም።

"አታስገቢው" አልኳት።

"ለምን? ተቀይመውናል?"

"አይደለም። ሁለቱን ውሃ አትሚ፣ ይበቃል።"

ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እናቷ ያመኗትን ዘይነባ ይዛ ትሂድ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ፈርቼ ነው። እዚህ የጻፍኩትም አማርኛ ስለማታነብ ነው።

ስትወጣ በር ላይ ጥቅል ነገር እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከሄደች በኋላ ፈታሁት። አረንጓዴዋ ቢላ ናት። ስለቷ አልዶለዶመም፤ አንድ ሰው ሲስላት ኖሯል።

ምሳ ሰዓት አልፎ ስለነበር ሩዝ አጠብኩ። የእኔ ድስት ትንሽ ናት፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ድስት ውስጥ እጅ ተዘርግቶ አይገባም፣ ሁልጊዜ በኩባያ ነው የምለካው። መለስኳትና ትልቁን ድስት ከላይኛው ቁም ሳጥን አወረድኩ። መጽሐፉ እንደሚለው ለስድስት ሰው ሞላሁ። እጄን ዘርግቼ ውሃውን አንጓዬ ላይ ያለችውን አጥንት እስኪነካ አፈሰስኩ። አበሰልኩ፣ እሳቱን አጠፋሁ፣ ክዳኑን ሳልነካ እንዲተነፍስ ተውኩት።

ስከፍተው ልክ ነበር።